የእሳት ኢንሹራንስ ጥንቃቄን አይተካም

ፍራንክፈርት አም ማይን የእሳትን ክፋት በታሪኳ ጠንቅቃ የምታውቅ ከተማ ናት። እ.ኤ.አ. በ1711 በአይሁድ ሰፈር የተነሣው ቃጠሎ ሰፈሩን በአንድ ቀን ከሞላ ጎደል አወደመው፤ በ1719 ደግሞ ሌላ ቃጠሎ ከ400 በላይ ቤቶችን አጋየ። በዚያው ዘመን በሐምቡርግ ከተማ የቤት ባለቤቶች መዋጮ እየከፈሉ ቤቱ የተቃጠለበትን የሚክሱበት ተቋም ነበር። በ1676 የተመሠረተው ይህ ተቋም በዓለም አንጋፋው የእሳት ኢንሹራንስ እንደሆነ ይነገርለታል።

እድር ለሚያውቅ ሕዝብ ይህ አሳብ እንግዳ አይደለም። ልዩነቱ እድር በይሉኝታና በፍቅር ሲሠራ፣ ኢንሹራንስ በጽሑፍ በሰፈረ ውል ብቻ መሥራቱ ነው። በፍራንክፈርት ለሚኖሩ ኢትዮጵያውያን አደጋው የሚጀምረውም ውሉን ሳያነቡ ከመተማመን ነው።

«ቤቱ ኢንሹራንስ አለው» የሚለው አባባል ተከራይን ያዘናጋል። አከራዩ የገባው ውል የሚሸፍነው ግድግዳውንና ጣሪያውን ነው። አልጋው፣ ልብሱ፣ ቴሌቪዥኑና ከአገር ቤት የመጣው መሶብ የሚካሱት ተከራዩ ራሱ «ሃውስራት» የተሰኘውን የቤት ዕቃ ኢንሹራንስ ከገባ ነው። እርሱም ቢሆን ዕቃው በትክክለኛ ዋጋው ካልተገመተ ያጎድላል። 40,000 ዩሮ የሚያወጣ ንብረት በ20,000 ዩሮ ተመዝግቦ የ10,000 ዩሮ ጉዳት ቢደርስ፣ ኩባንያው 5,000 ዩሮ ብቻ ሊከፍል ይችላል።

ከዚህም በላይ፣ ከ2008 ጀምሮ የሚሠራበት የጀርመን የኢንሹራንስ ውል ሕግ ከባድ ቸልተኝነት ሲኖር ካሣው እንደ ጥፋቱ መጠን እንዲቀነስ ይፈቅዳል። የሚነድ ሻማ ትቶ ከቤት መውጣት ወይም ዘይት እሳት ላይ ጥዶ መርሳት ከዚህ ሊቆጠር ይችላል። ይህን የመቀነስ መብት የሚተዉ ውሎችም ስላሉ ከመፈረም በፊት መጠየቅ ይገባል።

ስለዚህ ኢንሹራንስና ጥንቃቄ አንዱ በሌላው የሚለወጡ ነገሮች አይደሉም። ጥንቃቄው ደግሞ የኢትዮጵያዊውን ቤት አኗኗር የሚመለከት መሆን አለበት። በጀርመን አንድ ተራ የግድግዳ ሶኬት የሚሸከመው ቢበዛ 16 አምፔር፣ ማለትም 3,680 ዋት ያህል ነው። ብዙ የእንጀራ ምጣዶች ብቻቸውን ከ3,000 ዋት በላይ ይስባሉ። ምጣዱ ከማቀዝቀዣና ከውኃ ማፍያ ጋር በአንድ ማከፋፈያ ገመድ ሲሰካ ገመዱ ይግላል፤ መጋጠሚያው የላላ ከሆነም እዚያው ላይ እሳት ሊነሣ ይችላል። ምጣድ ብቻውን፣ በቀጥታ ከግድግዳው ሶኬት ላይ መሰካት አለበት።

የቡናው ከሰል ሌላ ስውር ጠላት አለው። መስኮቱ በተዘጋ ክፍል የሚነድ ከሰል ሽታም ቀለምም የሌለው ካርቦን ሞኖክሳይድ ያመነጫል። ይህ ጋዝ በደም ውስጥ ከኦክስጅን ከ200 ጊዜ በላይ በበረታ ኃይል ስለሚጣበቅ ሰውን በእንቅልፉ ይገድላል። ተራው የጭስ ጠቋሚ ይህን ጋዝ አይለይም። ቡናው በኤሌክትሪክ ምድጃ ቢፈላ ወጉ አይጎድልም፤ የቤተሰቡ ሕይወት ግን ይተርፋል።

ፍራንክፈርት በምትገኝበት በሄሰን ግዛት የጭስ ጠቋሚ በመኝታ ክፍሎች፣ በልጆች ክፍልና መውጫ በሆኑ መተላለፊያዎች ሁሉ እንዲኖር ሕግ ያስገድዳል። የመትከሉ ግዴታ የባለቤቱ ሲሆን፣ ሌላ ስምምነት ከሌለ መሥራቱን የመከታተሉ ኃላፊነት የነዋሪው ነው። ያም ሆኖ ዕጣን በተጨሰ ቁጥር ስለጮኸ ባትሪው ተነቅሎ የሚቀርበት ቤት አለ። በሌሊት ቃጠሎ ሰውን አብዛኛውን ጊዜ ቀድሞ የሚገድለው ጭሱ ነው፤ የተኛ ሰው ደግሞ ጭስ አይሸተውም። ባትሪውን የነቀለ ሰው እንግዲህ የቤቱን ዘበኛ አሰናብቷል።

የኢትዮጵያውያን ማኅበራትና አብያተ ክርስቲያናት ቤት ከተቃጠለ በኋላ ገንዘብ ለማሰባሰብ አይሰንፉም። ይኸው ትጋት ከቃጠሎ በፊት ቢውል፣ ማለትም ውሉ በአማርኛ ቢብራራ፣ የእያንዳንዱ ቤት ጠቋሚ ቢፈተሽና 112 የሚለውን የአደጋ ስልክ ቁጥር ሕፃናት ሳይቀሩ ቢይዙት፣ ብዙ ለቅሶ ይቀራል። ኢንሹራንስ ዕቃን ይተካል፤ ሰውን የሚተካ ውል ግን የለም።