ናይሮቢ ላይ ከዕቃው በፊት ማታቱን እወቁ

ከሞያሌ ተሳፍሮ ኢስሊ የሚወርድ አዲስ ነጋዴ መጀመሪያ የሚፈልገው የሚያዞረውን ሰው ነው። ዘመድ ካለው ዘመዱን፣ ከሌለው ደላላ። የእኔ ምክር ሌላ ነው፦ ዕቃ ከመግዛታችሁ በፊት ማታቱ መሳፈር ተማሩ።

ነገሩ የታክሲ ሂሳብ ብቻ አይደለም። የሚያዞራችሁ ሰው ሱቁንም የሚመርጥላችሁ እሱ ነው። ደላላ ከሆነ ድርሻው ዋጋው ላይ ተጨምሮ ይመጣል፤ ከፋዩም እናንተ ናችሁ። ኢስሊን ብቻ አይታችሁ ስትመለሱ፣ ካሙኩንጂ ድስትና ብረታ ብረት፣ ሉቱሊ ጎዳና ደግሞ ኤሌክትሮኒክስ በስንት እንደሚሸጥ ሳታውቁ ትቀራላችሁ። ዋጋ ያላነጻጸረ ነጋዴ ደግሞ የተባለውን ይከፍላል።

ማታቱ ለአዲስ አበባ ሰው እንግዳ አይደለም። ረዳቱ ማካንጋ ይባላል፤ እንደኛው ረዳት በር ላይ ተንጠልጥሎ ይጣራል። ከመሃል ከተማ ወደ ኢስሊ የሚመጡት 6 እና 9 ቁጥሮች ናቸው። ልዩነቱ ሂሳቡ ላይ ነው። እኛ አገር ታሪፉን መንግሥት ያወጣል፤ እዚያ ግን ሥራ መግቢያና መውጫ ሰዓት ላይ፣ ዝናብ ሲጥልም ይጨምራል። ስለዚህ ሳትገቡ "ንጋፒ?" በሉ። "ምባኦ" ካላችሁ 20፣ "ሐምሲኒ" ካላችሁ 50፣ "ሶ" ካላችሁ 100 ሽልንግ ነው። "ወራጅ አለ" ለማለት "ሹኪሻ" ይበቃል።

ቀበቶ ካለ እሰሩ። ከ2004 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በሚኒስትሩ ጆን ሚቹኪ ጊዜ የጠበቀው ሕግ ተሳፋሪንም ይመለከታል። ደግሞ መኪና የሚሄደው በግራ ነው፤ መንገድ ስታቋርጡ መጀመሪያ ወደ ቀኝ ተመልከቱ።

"ሌባውስ?" የሚል ይኖራል። እውነት ነው፣ ሌባ አለ። መስኮት ዳር ስልክ ይነጠቃል፣ ግፊያ ውስጥ ኪስ ይገባል። መፍትሔው ግን የዕቃ መግዣውን በሙሉ ይዞ አለመዞር ነው። ሂሳቡን ኤምፔሳ ላይ አድርጉ፣ ለመንገድ የሚበቃ ዝርዝር ብቻ ያዙ፣ ሳይመሽ ግቡ። የመጀመሪያ ቀን ዋጋ ለመጠየቅ ብቻ ውጡ፤ የሚነጠቅ ነገር ሳይኖራችሁ ከተማውን ታውቁታላችሁ።

ይህን ስል ሁሉም ነገር በማታቱ ይሁን ማለቴ አይደለም። ዕቃ ከገዛችሁ በኋላ ቁጠባው ይቅር። ገበያ ውስጥ ምኮኮቴኒ የሚባለው የእጅ ጋሪ አለ፤ ለሩቁ ፒክአፕ ተኮናተሩ። ቦዳ ቦዳ ባዶ እጅ ለሆነ ሰው፣ ለአጭር መንገድ ጥሩ ነው፤ እሱም ሄልሜት ካለ። ጥቅል ታቅፎ ሞተር ላይ መውጣት ግን ዕቃንም ነፍስንም ማስያዝ ነው።

ናይሮቢ ለከረማችሁ ወገኖችም አንድ ቃል አለኝ። እንግዳ መቀበል ባህላችን ነው፤ እጁን ይዞ ሲያዞሩት መክረም ግን ሰውየውን አይጠቅምም። በተለይ ለመጀመሪያ ጊዜ ድንበር የተሻገሩ እህቶቻችን ያለ አጃቢ መንቀሳቀስ ካልቻሉ፣ በገዛ ገንዘባቸው የሚወስንላቸው ሌላ ሰው ይሆናል። አንድ ቀን አብራችኋቸው ተሳፈሩ፣ መውረጃውን አሳዩአቸው፣ ስልካችሁን ስጧቸው። በማግስቱ ብቻቸውን ይሂዱ።