ወደ ዲትሮይት የምትሄዱ፣ የጀመዓውን አማና ይዛችሁ ሂዱ

ቢስሚላሂ ረሕማኒ ረሒም

በአሜሪካና በካናዳ መስጂዶች የምትገኙ የተከበራችሁ ጀመዓዎች፦

ባለፈው ጥር ማብቂያ ላይ «ጅሃዳዊ ሐረካት» የተሰኘው ፊልም በመንግስት ቴሌቪዥን ሲተላለፍ የተሰማንን ማናችንም አልረሳነውም። ፍርድ ቤት ጉዳያቸውን ገና እያየ የነበረው መሪዎቻችን በአንድ ምሽት በሀገሩ ሁሉ ፊት ወንጀለኛ ተደርገው ቀረቡ። እኛ ግን ለዚያው ተመልካች መልስ የምንሰጥበት ጣቢያ አልነበረንም። የሙስሊሙን ጉዳይ የሚጽፉ አዘጋጆች እስር ቤት ነበሩ። የቀረን በእጃችን ያለው ሞባይል፣ ጥቂት የኢንተርኔት መድረኮች እና ከጁሙዓ በኋላ ከእጅ ወደ እጅ የምትዞረው ይህች ወረቀት ናቸው።

ማዘን ብቻውን መልስ አይሆንም። መልሱ መማር ነው። ለዚህም በመጪው ሰኔ አንድ መልካም አጋጣሚ አለ፤ ጊዜው ሳያልፍ ልንነግራችሁ ወደድን።

አጋጣሚው በዲትሮይት ከተማ የሚካሄደው አላይድ ሚዲያ ኮንፈረንስ ነው። ይህ ስብሰባ የተጀመረው እ.ኤ.አ በ1999 በኦሃዮ ግዛት ቦውሊንግ ግሪን በምትባል ትንሽ ከተማ ነው። የጀመሩትም ባለ ብዙ ገንዘብ ድርጅቶች አይደሉም፤ በገዛ እጃቸው ትንንሽ መጽሔት አዘጋጅተው የሚያባዙ ሰዎች ናቸው። በ2007 ወደ ዲትሮይት ተዛወረ። የዘንድሮው 15ኛው ሲሆን ከሐሙስ ሰኔ 13 እስከ እሁድ ሰኔ 16 ቀን 2005 (እ.ኤ.አ ከጁን 20 እስከ 23 ቀን 2013) በዌይን ስቴት ዩኒቨርሲቲ ይቆያል። የሰፈር ሬዲዮ የሚሠሩ፣ ቪዲዮ የሚቀርጹ፣ ጋዜጣ የሚያዘጋጁ፣ ኢንተርኔትን ለድሃ ጎረቤቶቻቸው የሚያዳርሱ ሰዎች እርስ በርሳቸው ይማማሩበታል። ተናጋሪው መድረክ ላይ፣ ሌላው ከታች ሆኖ የሚያጨበጭብበት ስብሰባ አይደለም፤ አብዛኛው በእጅ እየተሠራ የሚማሩበት ነው።

ከተማይቱም ራሷ ትምህርት ናት። ባለፈው መጋቢት የሚሺጋን ገዢ፣ ሕዝቡ የመረጣቸው ከንቲባና ምክር ቤት እያሉ፣ በላያቸው ሌላ አስተዳዳሪ ሾመባቸው። የዲትሮይት ነዋሪዎች «ያልመረጥነው ሰው አይምራን» ሲሉ ምን ማለታቸው እንደሆነ ለኛ አስተርጓሚ አያስፈልገንም። በመጅሊሳችን ጉዳይ የጠየቅነውም ይህንኑ ነው። እነዚሁ ነዋሪዎች በአንዳንድ ሰፈሮች ጣራ ላይ በሚሰቀል መሣሪያ ኢንተርኔት ለጎረቤት የሚያካፍሉበትን መስመር ራሳቸው ዘርግተዋል። ሌላ እስኪሠራላቸው አልጠበቁም።

በተለይ ዘንድሮ መሄድ የሚያስፈልግበት ምክንያት አለ። የአሜሪካ የኮሙኒኬሽን ኮሚሽን ለትንንሽ የኤፍኤም ሬዲዮ ጣቢያዎች ማመልከቻ የሚቀበልበትን ጊዜ ከጥቅምት 5 እስከ 19 ቀን 2006 (እ.ኤ.አ ከኦክቶበር 15 እስከ 29 ቀን 2013) እንዲሆን ወስኗል። ከዚህ በፊት ይህ በር የተከፈተው ከዚያ ከአሥር ዓመት በላይ ቀደም ብሎ ነበር። ጣቢያው እስከ 100 ዋት ኃይል ይኖረዋል፤ ድምፁም በአማካይ 5 ኪሎ ሜትር ተኩል ያህል ዙሪያውን ይሰማል። ፈቃዱ ለትርፍ ላልቆሙ ድርጅቶች ብቻ የሚሰጥ ነው፤ ማስታወቂያ መሸጥ አይፈቀድም፤ ለማመልከቻውም ክፍያ የለም። በሕግ የተመዘገበ መስጂድም ማመልከት ይችላል። በአንድ ሰፈር ተሰብስቦ ለሚኖር ጀመዓ 5 ኪሎ ሜትር ትንሽ አይደለም። ታክሲ የሚነዳው ወንድም፣ ሱቅ ውስጥ የምትውለው እህት፣ ኮምፒውተር የማይነኩ እናቶቻችንና አባቶቻችን ሬዲዮ መክፈት ያውቁበታል።

ነገር ግን በሩ ለሁለት ሳምንት ተከፍቶ ይዘጋል። ያልተዘጋጀ አያገኘውም። በትልልቅ ከተሞች ባዶ ሞገድ ጥቂት ነው፤ መኖሩ በባለሙያ መጠናት አለበት። ድርጅቱ ጣቢያው በሚተከልበት አካባቢ የቆመ መሆን አለበት። ከቦርድ አባላቱም ከ20 በመቶ በላይ የሚሆኑት የውጭ ዜጎች ከሆኑ ሕጉ አይፈቅድም፤ ስለዚህ የቦርድ አባላታችሁን የዜግነት ሁኔታ ከአሁኑ ቁጠሩ። ይህን መንገድ ቀድመው የሄዱ የማህበረሰብ ሬዲዮ ሰዎች የሚገኙት እንዲህ ባሉ ስብሰባዎች ነው። የሰኔው ስብሰባ ከጥቅምት አራት ወር ይቀድማል፤ ለመዘጋጀት የሚበቃ ጊዜ ነው።

እንግዲህ ለመሄድ ያሰባችሁ የሚከተለውን ልብ በሉ።

በመጀመሪያ፣ ማን እንደሚሄድ ጀመዓው በሹራ ይወስን። ፈቃደኛ የሆነው ሁሉ ለብቻው ተነስቶ ቢሄድ ለራሱ ተምሮ ይመለሳል፤ ጀመዓው የላከው ግን ለጀመዓው ይማራል። ቢቻል ከአንድ መስጂድ ሁለት ወይም ሦስት ሰው ይሂድ፤ እህቶችም ይካተቱ። በሰልፎቻችን ላይ ብዙውን ቀረጻ የሠሩት እህቶቻችን መሆናቸውን እናውቃለን። ባልና ሚስት ወይም እህትና ወንድም አብረው ቢላኩ ጉዞው ይቀላል። ወጪው ከጀመዓው ከተሰበሰበ ደረሰኙ በመስጂዱ ሰሌዳ ላይ ይለጠፍ። በገንዘብ ጉዳይ መተማመናችን ከምንም በላይ መጠበቅ አለበት።

በሁለተኛ ደረጃ፣ ዛሬውኑ ተመዝገቡ። የመመዝገቢያው ክፍያ እንደየአቅም ነው፤ ያለው ከፍ አድርጎ ይከፍላል፣ የሌለው ዝቅ አድርጎ። አቅም ያለው ወንድም ዝቅተኛውን አይምረጥ፤ የሚጎዳው ሌላ ድሃ ነው። ልጆች ይዛችሁ የምትሄዱ የልጆች መዋያ መኖሩን እወቁ፤ ቦታው ግን የሚያዘው አስቀድሞ ነው። የዩኒቨርሲቲው የተማሪዎች ማደሪያ ከሆቴል ይረክሳል። ከአንድ ከተማ የምትሄዱ ተነጋግራችሁ ክፍል ተጋሩ።

በሦስተኛ ደረጃ፣ ስለ መንገዱ። ዲትሮይት ከኮሎምበስ ሦስት ሰዓት ተኩል፣ ከቺካጎ አራት ሰዓት ተኩል፣ ከቶሮንቶ አራት ሰዓት ከድንበሩ ቆይታ ሌላ፣ ከዋሽንግተን ደግሞ ዘጠኝ ሰዓት ገደማ በመኪና ያስኬዳል። በአንድ መኪና አራት ሰው ከሄደ የነዳጁ ወጪ ለአንድ ሰው ከአውሮፕላን ትኬት በእጅጉ ያንሳል። በአውሮፕላን የምትሄዱ አየር ማረፊያው ከዩኒቨርሲቲው 30 ኪሎ ሜትር በላይ ስለሚርቅ የሚቀበላችሁን ሰው አስቀድማችሁ አዘጋጁ፤ በከተማው አውቶቡስ አትተማመኑ።

ከካናዳ የምትሄዱ፣ የኢትዮጵያ ፓስፖርት ይዛችሁ የአሜሪካ ቪዛ ከሌላችሁ ድንበሩ ላይ ትመለሳላችሁ፤ የካናዳ የመኖሪያ ፈቃድ ብቻውን አይበቃም። በአሜሪካ ጥገኝነት ጠይቃችሁ ውሳኔ የምትጠብቁ ወንድሞችና እህቶች ደግሞ በጣም ተጠንቀቁ። ዲትሮይትን ከካናዳ የሚለያት አንድ ወንዝ ነው። ከአውራ ጎዳናው «ወደ ካናዳ ድልድይ» የሚለውን ምልክት ተከትሎ በስህተት የወጣ መኪና ከድልድዩ ሲደርስ መመለሻ ላያገኝ ይችላል። በእንዲህ ያለ ስህተት ጉዳዩ እንዲበላሽበት የምንፈልገው ሰው የለም። መንገዱን የሚያውቅ ሰው ይንዳ፤ ከመነሳታችሁም በፊት ጠበቃችሁን አማክሩ።

በአራተኛ ደረጃ፣ ስለ ሶላትና ስለ ምግብ። በሰኔ የዲትሮይት ቀን ረጅም ነው። በእኛ ሰዓት አቆጣጠር ዙህር ከቀኑ 7 ሰዓት ተኩል ገደማ፣ አስር ከ11 ሰዓት ተኩል ገደማ፣ መግሪብ ደግሞ ከምሽቱ 3 ሰዓት ከሩብ ገደማ ይገባል። ዒሻ ወደ 5 ሰዓት ይጠጋል፤ ሱብሒ ከዚያ ብዙም ሳይቆይ ከሌሊቱ 10 ሰዓት አካባቢ ነው። ስለዚህ የምሽት ዝግጅት ላይ አምሽታችሁ ሱብሒ እንዳያመልጣችሁ። ሙሳፊር ስለሆናችሁ ስለ ማሳጠርና ስለ ማጣመር ኡስታዞቻችሁን ጠይቃችሁ ውጡ። ቂብላው ወደ ሰሜን ምሥራቅ ነው። አርብ ሰኔ 14 ጁሙዓ ስለሆነ የቀትር ፕሮግራማችሁን ከአሁኑ ነጻ አድርጉ።

ከዲትሮይት ጎን ያለችው ዲርቦርን በሰሜን አሜሪካ ብዙ ሙስሊም ከሚኖርባቸው ከተሞች አንዷ ናት። ከዩኒቨርሲቲው አጠገብ የሚያልፈው ዋረን ጎዳና ወደ ምዕራብ ሲሄድ ዲርቦርን ያደርሳል፤ ግራና ቀኙ የሐላል ምግብ ቤት ነው። መስጂዶቹም ብዙ ናቸው። የጁሙዓውን ሰዓት በስልክ ጠይቁ፤ ከሶላት በኋላም ሰላም በሏቸው። እነዚያ ወንድሞች በዚህ ሀገር መስጂድ ሲያቆሙ ከእኛ ብዙ አሥርት ዓመታት ይቀድማሉ፤ ልምዳቸው ለኛ ይጠቅማል።

በአምስተኛ ደረጃ፣ ስለ አማና። ስልካችሁ ውስጥ ያለው የእናንተ ብቻ አይደለም። የሀገር ቤት ወንድሞችና እህቶች ስም፣ ቁጥርና ፎቶ አለበት። ከመሄዳችሁ በፊት ስልኩን በይለፍ ቃል ቆልፉ፤ ለጉዞው የማያስፈልገውን አጥፉ ወይም ቤት አስቀምጡ። በስብሰባው ላይ ሳታስፈቅዱ ማንንም ፎቶ አታንሱ፤ እናንተም መነሳት ካልፈለጋችሁ በግልጽ ተናገሩ። ስለ ትግላችን ስትጠየቁ የምታውቁትን እውነት ብቻ ተናገሩ። ያላያችሁትን አትጨምሩ፤ የቁጥር ማጋነን የሚጎዳው እኛኑ ነው። ማን የት እንዳለ፣ ማን ምን እንደላከ ግን ለማንም አይነገርም።

ወደ ስብሰባው የሚመጣው ሰው እምነቱና አኗኗሩ የተለያየ መሆኑንም አስቀድመን እንነግራችኋለን። ከዲናችን ጋር የማይሄድ ነገር ልታዩ ትችላላችሁ። ፕሮግራሙን አንብባችሁ የሚጠቅማችሁን ምረጡ፤ ከሌላው ሳትጨቃጨቁ ራቁ። በመልካም ስነ ምግባር የታየ ሙስሊም ከብዙ ንግግር የበለጠ ያስረዳል።

በስድስተኛ ደረጃ፣ ምን ልትማሩ እንደምትሄዱ ጽፋችሁ ሂዱ። ጉድለታችንን እንናገር። እጃችን ከሚገቡት ቀረጻዎች ብዙዎቹ ቀናቸውና ቦታቸው አይታወቅም፤ ድምፃቸው በነፋስ የተዋጠ ነው፤ ዋናው ፋይል ጠፍቶ ከሰው ወደ ሰው ሲተላለፍ የደበዘዘው ብቻ ቀርቷል። እውነት ሆኖ ሳለ ማስረጃ መሆን ያልቻለ ስንት ነገር አለን! ስለዚህ እነዚህን ጠይቁ፦ ቀረጻ ማስረጃ እንዲሆን ምን አብሮ መያዝ አለበት? የሰውን ፊት እንዴት እንሸፍናለን? በአንድ ተራ ስልክ ጥሩ ድምፅ እንዴት ይቀረጻል? ዋናው ፋይል የት ይቀመጣል? የሰፈር ሬዲዮ ለመክፈት በመጀመሪያው ወር ምን ይሠራል፣ ስንት ገንዘብስ ይፈልጋል?

በመጨረሻም፣ መመለሱን አትርሱ። የተላከ ሰው በተመለሰ በሁለተኛው ጁሙዓ፣ ከሶላት በኋላ ለጀመዓው የተማረውን ይናገር። በወሩ ውስጥ ደግሞ ቢያንስ አምስት ወጣቶችን ያስተምር። ይህን ለማድረግ ቃል ያልገባ ሰው በጀመዓው ገንዘብ ባይላክ ይሻላል። የሬዲዮውን ጉዳይ የመስጂዱ ቦርድ ከሐምሌ ሳያልፍ ይምከርበት፤ አይሆንም ካለም ተመክሮበት አይሆንም ይባል እንጂ ሳናውቀው አይለፈን።

መሄድ ያልቻላችሁም ድርሻ አላችሁ። መኪና ያለው መኪናውን ይስጥ፤ ሥራ ላይ ያለው የሚሄደውን ልጅ ፈረቃ ይሸፍንለት፤ እናቶች ለመንገድ ቆሎና ተምር አዘጋጁ። ሁላችሁም በዱዓችሁ አትርሷቸው። ከቤታቸው የወጡት ስለ ታሰሩት ወንድሞቻችን እውነቱን የመናገር ችሎታ ሊያመጡልን ነው።

አላህ የምትሄዱትን በሰላም ወስዶ በሰላም ይመልሳችሁ። የተማራችሁትን ለኡማው ጥቅም ያድርገው። የታሰሩትን ያስፈታልን። አሚን!

አላሁ አክበር!