ምሳው አለ፣ ማደሪያውስ?

ማታ ከቦሌ ወደ መገናኛ በኮሪደሩ በእግሩ የሚሄድ ሰው መብራቱን፣ አበባውንና ሰፊውን የእግረኛ መንገድ ያያል። ድሮ በየጥጉ ላስቲክ ወጥረው ያድሩ የነበሩትን ግን ብዙም አያይም። "የት ወሰዷቸው?" ብለን ሁላችንም እንጠይቃለን። "መጀመሪያውኑ ለምን ጎዳና ወጡ?" ብሎ የሚጠይቅ ግን ጥቂት ነው። ዛሬ የምናየው ይሄኛውን ነው፤ ተከራይ ከሆናችሁ እናንተንም ይነካል።

ከተማ አስተዳደሩ ምን እየሠራ ነው?

በከንቲባ አዳነች አቤቤ ጊዜ "ተስፋ ብርሃን" የሚባሉ የምገባ ማዕከላት በተለያዩ ክፍለ ከተሞች ተከፍተዋል። የሚበላው ያጣ ሰው ሄዶ ይመገባል። "ለነገዋ" የሚባለው ማዕከል ደግሞ ከጎዳና ሕይወት መውጣት ለሚፈልጉ ሴቶች ተሐድሶና የሙያ ሥልጠና ይሰጣል። ከ2009 ዓ.ም. ጀምሮ የከተማ ሴፍቲኔት አለ፤ ሲጀመር የዓለም ባንክ 300 ሚሊዮን ዶላር አበድሮ፣ መንግሥት 150 ሚሊዮን ጨምሮበት ነው። መሥራት የሚችል እየሠራ ይከፈለዋል፣ የማይችል ቀጥታ ድጋፍ ያገኛል። ክረምት ሲመጣም የአቅመ ደካሞች ቤት ይታደሳል።

ይሄን ማጣጣል ልክ አይደለም። ባዶ ሆዱን ለዋለ ሰው ትኩስ ምሳ ትልቅ ነገር ነው። ግን ልብ በሉ፤ ሴፍቲኔቱና የቤት እድሳቱ ሲቀሩ ቀሪው ሰው ከወደቀ በኋላ የሚደርስ እርዳታ ነው። በልቶ የወጣው ሰው ማታ የት ያድራል?

ሌላው የተለመደው መንገድ "ማንሳት" ነው። የኢትዮጵያ ሰብአዊ መብቶች ኮሚሽን (ኢሰመኮ) በ2015 ዓ.ም. በሸገር ከተማ ስለነበረ ጊዜያዊ ማቆያ ባወጣው መግለጫ ከአዲስ አበባ ጎዳናዎች የተነሱ ሰዎች ያለፍላጎታቸው ተይዘው እንደነበር ተናግሯል። የሚገባበት ቤት የሌለውን ሰው ከመንገድ ብታነሳው ተመልሶ የሚመጣው እዚያው መንገድ ላይ ነው።

በምሥራቁ የከተማ ክፍል ትልቁን ሸክም የተሸከመው ደግሞ መቄዶንያ ነው። በ2017 ዓ.ም. የሰይፉ ፋንታሁን የዩቲዩብ ላይቭ ላይ ስንቶቻችን ገንዘብ ልከናል! ደግ ሥራ ነው። ግን አረጋውያንና የአእምሮ ሕሙማን የሚያድሩበት ቤት በላይቭ መዋጮ ላይ ሲንጠለጠል፣ የመንግሥት በጀት የት ጋ ነው ብሎ መጠየቅ ያስፈልጋል። ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 41 ላይ መንግሥት አቅሙ በፈቀደ መጠን አካል ጉዳተኞችን፣ አረጋውያንንና አሳዳጊ ያጡ ሕፃናትን እንዲረዳ ይላል።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንምጣ። ሰው ጎዳና ላይ በአንድ ቀን አይወድቅም። ደረጃ አለው። ከሰሚት ወይም ከጎሮ ኮንዶሚኒየም ወጥቶ ሰርቪስ ቤት ይገባል። ከሰርቪስ ጓደኛው ፍራሽ ላይ። ከዚያ የአንድ ሌሊት አልጋ። ከዚያ በረንዳ። በየደረጃው የጎደለው ብዙ ጊዜ የአንድ ወይም የሁለት ወር ኪራይ ነው።

እዚህ ላይ ያለን ትልቁ መከላከያ የቤት ኪራይ አዋጁ፣ ቁጥር 1320/2016 ነው። ውሉ በጽሑፍ ሆኖ በ30 ቀን ውስጥ መመዝገብ አለበት። ዝቅተኛው የውል ዘመን ሁለት ዓመት ነው። ቅድሚያ ክፍያ ከሁለት ወር ኪራይ አይበልጥም። ጭማሪ በዓመት አንዴ ብቻ፣ ያውም መንግሥት በሚያወጣው ተመን።

ጥሩ ነው፤ ግን ሦስት ቀዳዳ አለው።

አንደኛ፣ የሚሠራው ለተመዘገበ ውል ነው። አከራዩ "ካስመዘገብክ ውጣ" ሲል ብዙ ሰው ዝም ይላል።

ሁለተኛ፣ ሁለት ዓመት ያልቃል። በ2016 መጨረሻ የተመዘገበ ውል 2018 መጨረሻ ላይ ይሞላል። ያኔ ብዙ ተከራይ በአንድ ክረምት ቤት ፈላጊ ሊሆን ይችላል።

ሦስተኛ፣ አዋጁ ከአከራይ እንጂ ከግሬደርም ከሥራ ማጣትም አያድንም። ሰፈር ሲፈርስ ምትክ የሚታሰበው በዋናነት ለቀበሌ ቤት ነዋሪና ለባለይዞታ ነው። ከባለይዞታው ሰርቪስ የተከራየው ልጅ ዕቃውን ጭኖ ነው የሚሄደው።

ምን ይደረግ? ፊንላንድ እ.ኤ.አ. ከ2008 ጀምሮ ጎዳና ላይ ላለ ሰው መጀመሪያ ቤት፣ ከዚያ ሌላውን እርዳታ መስጠት ጀምራ ቁጥሩን ቀንሳለች። እኛ የእነሱ ሀብት የለንም። ግን ለሴፍቲኔት ሰው የሚመለምል ወረዳ አለን። ሥራ ላጣ ወይም ለታመመ ተከራይ የሁለት ወር ኪራይ የሚሸፍን ትንሽ ፈንድ በዚያው መዋቅር መጀመር ይቻላል። ሰፈር ሲፈርስ ተከራዩም ይመዝገብ። ቤተሰብን ከነቤቱ ማቆየት ጎዳና ከወጣ በኋላ ከማንሳት፣ ከማቆየትና ከመመገብ ይቀላል። ልጆቹም ከትምህርት አይቀሩም።

እስከዚያ ግን ውላችሁን አውጥታችሁ እዩት። ተመዝግቧል? መቼ ያልቃል? የቃል ብቻ ከሆነ ወረዳችሁ ሄዳችሁ ጠይቁ። ጎሮም ሆነ ቦሌ አራብሳ፣ አብራችሁ የምትኖሩትም ይጠይቁ።