የደብዳቤህ ጠባቂ ማን ነው?

ወጣት አንባቢ ሆይ፤ ሰው በቤቱ ምን እንዳለው ሲጠየቅ አልጋውን፣ ሣጥኑን፣ ልብሱንና መጽሐፉን ይቈጥራል። ደብዳቤህስ ወዴት ነው ተብሎ የተጠየቀ እንደ ሆነ ግን የዘመናችን ሰው ጥቂት ዝም ይልና «በኢሜይል ውስጥ ነው» ይላል። ኢሜይሉስ ወዴት ነው ቢሉት መልስ የለውም። ልቡን የገለጠባቸው፣ የተዋዋለባቸው፣ የታረቀባቸውና ያዘነባቸው ቃላት ሁሉ ባላየው አገር፣ በማያውቀው ሰው ቤት፣ ባልያዘው ቍልፍ ተቈልፈው ይኖራሉ። እርሱም በዚህ ነገር አይጨነቅም። እኔ ዛሬ የምከራከረው ከዚህ እንቅልፍ ጋራ ነው።

ክርክሬን የቀሰቀሰው አንድ ወጣት ዘመዴ ነው። በኮምፒዩተር ትምህርት የተመረቀ፣ አእምሮው የበራ ልጅ ነው። እኔ በጓዳዬ መደርደሪያ ላይ ባኖርኋት አሮጌ ኮምፒዩተር የራሴን የኢሜይል ሰርቨር እንደማካሂድ ባየ ጊዜ ሣቀና «ጋሼ፤ ቧንቧ ደጃፍዎ ድረስ ገብቶ ሳለ ለምን በእንስራ ውሃ ይቀዳሉ? ይኸን ነገር ለትልልቆቹ ኩባንያዎች ይተዉላቸው» አለኝ። እኔም ቧንቧን እንደማልጠላ፣ ነገር ግን ከቧንቧ የሚጠጣ ሰው መዝጊያው በማን እጅ እንዳለ ማወቅ እንደሚገባው ነገርሁት። እርሱ ቀልድ መሰለው። ቀልድ እንዳልሆነ ለእርሱም ለእናንተም ልግለጽ።

አስቀድመን የነገሩን ሥር እንመልከት፤ ዓመተ ምሕረቱንም የምቈጥረው እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ነው። በ1971 ዓ.ም. ሬይ ቶምሊንሰን የተባለ አሜሪካዊ መሐንዲስ በመረብ ከተያያዙ ኮምፒዩተሮች ከአንዱ ወደ ሌላው ደብዳቤ ላከ፤ የሰውየውን ስም ከኮምፒዩተሩ ስም የምትለየውን «አት» የምትባለውን ምልክት የመረጠም እርሱ ነው። በ1982 ዓ.ም. ደግሞ ጆን ፖስቴል ኮምፒዩተሮች ደብዳቤ የሚቀባበሉበትን ኤስኤምቲፒ የተባለውን ሥርዓት ጽፎ አወጣ። የዚህ ሥርዓት ታላቅነቱ ጌታ የሌለው መሆኑ ነው። ማንም ሰው ሥርዓቱን ጠብቆ አንድ ኮምፒዩተር ቢያቆም፣ ከዓለም ትልቁ ኩባንያ ጋራ ፊት ለፊት ቆሞ ደብዳቤ ሊሰጥና ሊቀበል ይችላል።

ይኸ እኩልነት ምን ያህል የከበረ እንደ ሆነ ከገዛ አገራችን ታሪክ ልንረዳው እንችላለን። ኢትዮጵያ የዓለም ፖስታ ኅብረት አባል የሆነችው በ1908 ዓ.ም. ነው። ከዚያ በፊት የራሷ ቴምብር ቢኖራትም ቴምብሯ በባሕር ማዶ አይታወቅላትም ነበርና ወደ ውጭ አገር ለሚሄደው ደብዳቤ በጅቡቲ በኩል የፈረንሳይ ቅኝ ግዛት ቴምብር ይጨመርበት ነበር። አባል በሆነች ጊዜ ግን የእርሷ ቴምብር በታላላቆቹ መንግሥታት ዘንድ ተቀባይነት አገኘ። እንግዲህ አባቶቻችን በገዛ ቴምብራቸው ደብዳቤ ለመላክ ይህን ያህል ከደከሙ፣ እኛ በነጻ የተሰጠንን እኩልነት «ለትልልቆቹ ተወው» ብለን መጣላችን ምን ይባላል? ባለቤቱ ያቀለለውን አሞሌ ባለ ዕዳ አይቀበለውም።

እኔ በሕይወቴ ደብዳቤ ሁለት ጊዜ ጠፍቶብኛል። በመጀመሪያው ጊዜ ደብዳቤዎቼ የተቀመጡት በባሕር ማዶ ባለ አንድ ትልቅ ኩባንያ ዘንድ ነበር። ገንዘብ አላስከፈለኝም፤ ያላስከፈለኝም ስለ ወደደኝ መስሎኝ ነበር። የስልክ ቍጥሬን ለውጬ ስለ ነበር አንድ ቀን በሩ ተዘጋብኝና የሣጥኑ ባለቤት መሆንህን አስረዳ ተባልሁ። ጻፍሁ፤ ማሽን መለሰልኝ። እንደ ገና ጻፍሁ፤ ያው ማሽን ያንኑ ቃል መለሰልኝ። በዚያ ሣጥን ውስጥ ዛሬ በሕይወት የሌሉት አስተማሪዬ በ9 ዓመት ጊዜ ውስጥ የጻፉልኝ፣ አማርኛዬን እያረሙ የመለሱልኝ ደብዳቤዎች ነበሩ። የምሄድበት ቢሮ፣ የምለምነው ዘበኛ፣ የምቈጣው ጸሐፊ አልነበረም። ሰው በሰው ቢበደል ይካሰሳል፤ ከግድግዳ ጋራ ግን ምን ይባባላል?

ከዚያ በኋላ የራሴን ሰርቨር አቆምሁ፤ ለቤተ ሰቤም ሁሉ አድራሻ ሰጠኋቸው። እጅግም ኰራሁ። በየሰባት ቀኑ የደብዳቤዎቹን ቅጂ በሌላ ዲስክ ላይ ማስቀመጥ ይገባኝ ነበር፤ በመጀመሪያ አደረግሁት፣ ቈይቶ ግን «ነገ አደርገዋለሁ» ማለት ጀመርሁ። ነገ የተባለው አራት ወር ሆነ። አንድ ሌሊት መብራት ሄዶ በኃይል ሲመለስ ዲስኩ ተቃጠለ። በእነዚያ አራት ወራት ውስጥ አባታችን ከመሞቱ በፊት በጀርመን አገር ለምትማረው ታናሽ እኅቴ የጻፈላት ሦስት ደብዳቤዎች ነበሩ። ደወለችልኝና «ወንድም ጋሼ፤ የአባባ ደብዳቤዎች የት ሄዱ?» አለችኝ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንደሚባለው፣ እኔም በማግሥቱ አዲስ ዲስክ ገዛሁ፤ ለእርሷ ግን ምን ይጠቅማታል?

ወጣቱ ዘመዴ ይኸን ሲሰማ «ይኸውልዎ፤ እኔስ ያልሁት ይኸንኑ አይደለም?» አለ። አይደለም። ከሁለቱ ጥፋት ሁለተኛው እጅግ አሳዝኖኛል፤ ነገር ግን ከሁለቱ ምረጥ የተባልሁ እንደ ሆነ ሁለተኛውን እመርጣለሁ። በመጀመሪያው ጥፋት ለእኔ የሚመልስልኝ ሰው አልነበረም። በሁለተኛው ጥፋት ግን እኅቴ የጠየቀችው ሰው ነበረ፤ ያም ሰው እኔ ነበርሁ። አፍሬ «በስንፍናዬ ነው» ብዬ መለስሁላት። ከዚያ ቀን ወዲህ ቅጂው በየሌሊቱ በራሱ ይደረጋል፤ አንደኛው ዲስክ በቤቴ፣ ሁለተኛው በአክስቴ ቤት ይቀመጣል፤ በየወሩም የተቀዳው ደብዳቤ በእርግጥ የሚከፈት መሆኑን እፈትናለሁ። ሰው የሚሻሻለው ተጠያቂ ሲሆን ነው። ማንም የማይጠየቅበት ጥፋት ግን ሲደጋገም ይኖራል።

የሥራውን ዓይነት ባልነግራችሁ ግን ባዶ ምክር ይሆንብኛል። መጀመሪያ በየዓመቱ የሚከፈልበት የራስ ዶሜይን፣ ማለት የቤትህ ስም ያስፈልጋል። ቀጥሎ እንደ ዴቢያን ያለ ነጻ ሶፍትዌር የተጫነበት ኮምፒዩተር፤ በእርሱም ላይ ደብዳቤ የሚቀበልና የሚልክ እንደ ፖስትፊክስ ያለ፣ የተቀበለውንም አስቀምጦ ለባለቤቱ የሚያሳይ እንደ ዶቭኮት ያለ ፕሮግራም። ፖስትፊክስን በ1998 ዓ.ም. ዊትሴ ቬኔማ፣ ዶቭኮትን በ2002 ዓ.ም. ቲሞ ሲራይነን አውጥተው ለዓለም ሁሉ በነጻ ሰጥተዋል። ከዚህ በኋላ የሐቀኝነት ምስክሮች ይከተላሉ። ኤስፒኤፍ የሚባለው በስምህ ደብዳቤ ሊልክ የሚችለው የትኛው ኮምፒዩተር እንደ ሆነ ይናገራል፤ ዲኪም የሚባለው በየደብዳቤው ላይ ሊመሰል የማይችል ማኅተም ያትማል፤ ዲማርክ የሚባለው ደግሞ እነዚህ ሁለቱ ያልመሰከሩለት ደብዳቤ ሲመጣ ተቀባዩ ምን እንዲያደርግበት ያሳስባል። ጉግልና ያሁ ከ2024 ዓ.ም. መጀመሪያ አንሥቶ ይህን የመሰለውን ምስክር በጥብቅ ይጠይቃሉ፤ ስፓም የተባለው የአጭበርባሪ ደብዳቤ ዓለምን ስላስቸገረ መጠየቃቸውን አልነቅፍም።

ነገር ግን አንድ የምነቅፈው ነገር አለ። አይፒ የሚባለው የመኖሪያ ቤት የኢንተርኔት ቍጥር ክፉ ሥራ ሳይገኝበት፣ የቤት ቍጥር ስለ ሆነ ብቻ ደብዳቤ እንዳይቀበሉት በሚያስጠነቅቅ መዝገብ ውስጥ ይጻፋል። ብዙ የኢንተርኔት አቅራቢዎችም ደብዳቤ የሚወጣበትን ፖርት 25 በቤት ደንበኛ ላይ ይዘጋሉ። ምክንያታቸው በቫይረስ የተያዙ የቤት ኮምፒዩተሮች ስፓም ስለሚረጩ ነው፤ ምክንያቱ እውነት ነው፤ ፍርዱ ግን ሌባው ከመንደሩ ወጥቷል ብሎ መንደሩን በሙሉ እንደ ማሰር ነው። እኔም ስለዚህ የምልከውን ደብዳቤ በገንዘብ በተከራየሁት አስተላላፊ በኩል አወጣለሁ፤ የሚመጣልኝና የሚቀመጠው ግን በቤቴ ነው። ይኸ ሽንፈት አይደለም። አስተላላፊው ቢከፋብኝ በሌላ እለውጠዋለሁ፤ አድራሻዬም ደብዳቤዎቼም ከእኔ ጋራ ይቀራሉ።

«መብራት ሲጠፋስ?» ይሉኛል። የጥንቱ ሥርዓት ጸሐፊዎች ይኸን አስበውበታል። በ2008 ዓ.ም. የታደሰው የኤስኤምቲፒ ሥርዓት፣ ተቀባዩ በሩን የዘጋበት ላኪ ደብዳቤውን ቶሎ እንዳይጥል፣ ቢያንስ ከ4 እስከ 5 ቀን እየተመላለሰ እንዲያንኳኳ ይመክራል። ስለዚህ የአንድ ሌሊት ጨለማ ደብዳቤ አያጠፋም። ከዚያ የሚረዝም መዘጋት ሲመጣ ግን፣ በ2020 ዓ.ም. ከጁን 30 ጀምሮ በአገራችን ኢንተርኔት በተቋረጠ ጊዜ እንዳየነው፣ ብቻውን የቆመ ሰው ይቸገራል። ለዚህም መድኃኒቱ ወዳጅ ነው። በሌላ አገር ሰርቨር ያለው ወዳጄ የእኔን ደብዳቤ በተጠባባቂነት ተቀብሎ ያቈይልኛል፤ እኔም ለእርሱ እንዲሁ አደርጋለሁ። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር የተባለው ለዚህ ነው።

«ትልልቆቹ ይበልጥ ይጠብቃሉ» የሚል ክርክርም አለ። መሐንዲሶቻቸው ብልሆች መሆናቸውን አልክድም። ሆኖም ብዙ ሀብት በአንድ ጐተራ የተከማቸ እንደ ሆነ ሌባውም ወደዚያው ይጐርፋል። በ2013 ዓ.ም. በያሁ ላይ በተፈጸመው ስርቆት በጊዜው የነበሩት 3 ቢሊዮን አካውንቶች ሁሉ እንደ ተነኩ በ2017 ዓ.ም. ተገልጧል። ጉግልም 2 ዓመት ያልተገባበትን የግል አካውንት ሊሰርዝ እንደሚችል በ2023 ዓ.ም. አስታውቋል። የሟች አባቱን ደብዳቤ ልቡ እስኪችል ድረስ ሳይከፍት የሚያቈይ ሰው አለ፤ የኩባንያው ደንብ ግን ኀዘንን አይቈጥርም።

እንዲሁም የራሱን ሣጥን የያዘ ሰው ሁሉ ትክክል ነው አልልም። ሂላሪ ክሊንተን ከ2009 እስከ 2013 ዓ.ም. የአሜሪካ የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ሳሉ የመንግሥቱን ሥራ የሚጻጻፉበትን ኢሜይል በኒውዮርክ ግዛት በመኖሪያ ቤታቸው ባኖሩት የግል ሰርቨር አካሂደዋል። ነገሩ በ2015 ዓ.ም. ተገልጦ ተመረመረ፤ በ2016 ዓ.ም. የኤፍ ቢ አይ ሹም ጄምስ ኮሚ ክስ ይመሥረት ባይሉም እጅግ ጥንቃቄ የጐደለው ሥራ ነው ብለው ነቀፉ። ትምህርቱ ግልጥ ነው። የሕዝብ ደብዳቤ በሕዝብ ቤት፣ የራስ ደብዳቤ በራስ ቤት ይቀመጥ። የራሱን ለሌላ የሚሰጥና የሌላውን በቤቱ የሚያኖር ሰው ሁለቱም ድንበር አያውቁም።

ልጆቼ፤ ሁላችሁም በየቤታችሁ ሰርቨር አቁሙ አልላችሁም። ሶፍትዌሩን በየጊዜው ለማደስ የማይተጋ፣ በሩን ለአጭበርባሪ መተላለፊያ ክፍት አድርጎ የሚተኛ ሰው ባያቆም ይሻላል፤ ጐረቤቱን ያስቸግራልና። ነገር ግን ከሁለት ነገር ማንም አያንስም። አንደኛው፣ ስማችሁ የራሳችሁ ይሁን፤ የገዛ ዶሜይን ያለው ሰው ደብዳቤውን ዛሬ በአንዱ ኩባንያ፣ ነገ በሌላው ቢያኖር አድራሻው አይለወጥም። ሁለተኛው፣ የደብዳቤዎቻችሁ ቅጂ በእጃችሁ ይሁን። የተቻለው ደግሞ ሦስተኛውን ይጨምር፤ እውቀቱን ይማርና ለዘመዶቹ ጠባቂ ይሁን።

ያ ወጣት ዘመዴ ከጥቂት ጊዜ በፊት ተመልሶ መጣ። አልተረታሁም ይላል። ነገር ግን አያቱ በስልክ የጻፉለትን ደብዳቤዎች ለመቅዳት የሚሆን ዲስክ ይዞ ነበር። እኔም ሳልሥቅበት ወንበር ሳብሁለት፤ የእኅቴንም ጥያቄ ነገርሁት። እናንተም ዛሬ ማታ ከመተኛታችሁ በፊት ያንን ጥያቄ ለራሳችሁ አቅርቡ፤ የምትወዱት ሰው «ደብዳቤዎቼ የት ሄዱ?» ቢላችሁ፣ መልስ የሚሰጠው ማን ነው?