«በፊልም ተጨቃጭቀን ጓደኛችንን አጣን»

የዛሬዋ ባለታሪካችን ችግሯ የፍቅር አይደለም፤ የትዳርም አይደለም። «ደግሞ በፊልም የተነሳ ሰው ይኳረፋል እንዴ?» የምትሉ ካላችሁ ደብዳቤዋን አንብባችሁ እስክትጨርሱ ታገሡ። ስሟንና ሰፈሯን በጠየቀችን መሠረት አላወጣንም። ደብዳቤዋ ረዘም ያለ ስለሆነ ፍሬ ነገሩን ብቻ እነሆ!

«ሰላም ለዚህ ዓምድ አዘጋጅ። እኛ ከዘጠነኛ ክፍል ጀምሮ አብረን ያደግን አራት ጓደኛሞች ነን፤ ሁለት ሴት፣ ሁለት ወንድ። ፊልም ስንወድ ለጉድ ነው። ድሮ ካፌ ቁጭ ብለን በአንድ ማኪያቶ ሦስት ሰዓት ስንከራከር አስተናጋጆቹ በዓይናቸው ያባርሩን ነበር። ከሁለት ዓመት በፊት “ይሄን ወሬያችንን ለምን አንቀዳውም?” አልንና አንዳችን ቤት፣ ሳሎን ውስጥ፣ በሁለት ማይክራፎን ፖድካስት ጀመርን። በየሳምንቱ አንድ አዲስ ፊልም አይተን እንከራከራለን። የምቀዳውም የማቀናብረውም እኔ ነኝ።

በቅርቡ አንድ አዲስ የአማርኛ ፊልም ወጣ። ከአራታችን አንዱ ፊልሙ ላይ በረዳት ካሜራማንነት ሠርቷል፤ የመጀመሪያ ሥራው ነው። በቀረጻው ቀን “እናንተ ተከራከሩ፣ እኔ ዛሬ አልናገርም” ብሎ አብሮን ተቀመጠ። ሌላኛው ወንድ ልጅ ግን አፉ አያርፍም፤ “ይሄን ፊልም የቀረጸው ሰው ካሜራውን በእግሩ ነው እንዴ የያዘው?” አለ። ሁላችንም በሳቅ ፈረስን። እሱም የሳቀ መስሎን ነበር። እኔ ደግሞ ያቺን አርባ ሰከንድ ቆርጬ ቲክቶክ ላይ ለቀቅኳት። አይተነው የማናውቀው የተመልካች ብዛት መጣ! አንድ ልብስ ቤት እንኳ “ማስታወቂያ ላሠራችሁ” ብሎ ደወለልን።

ጓደኛችን ግን ከዚያን ቀን ጀምሮ ስልክ አያነሳም። ሥራውን የሰጡት ሰዎች ክሊፑን አይተው “ጓደኞችህ ናቸው አይደል እንዲህ የሚሰድቡን?” እንዳሉት ከሌላ ሰው ሰማሁ። ያ ተናጋሪው “እውነቱን ነው የተናገርኩት፣ ይቅርታ ብሎ ነገር የለም” ይላል። ሴቷ ጓደኛዬ “አጥፊው” ትለኛለች። እኔ መሃል ቤት ቀረሁ። ላጥፋው ወይስ እውነት እውነት ነው ብዬ ልተወው? እባካችሁ መላ በሉኝ።»

እህቴ፣ መጀመሪያ ነገሩን እንለያየው። አንቺ ጋ ሦስት ነገር ተደባልቋል። አንደኛው አስተያየት ነው፤ ሁለተኛው ቀልድ ነው፤ ሦስተኛው ክሊፕ ነው። ሦስቱን አንድ ላይ ጠቅልለሽ «እውነት» የሚል ስም ስለሰጠሻቸው ነው መላው የጠፋብሽ።

በፊልም መከራከር በእናንተ አልተጀመረም። ታላላቆቻችን ፒያሳ ከሲኒማ ኢትዮጵያ ወይም ከሲኒማ አምፒር ሲወጡ «አክተሩ መሞት ነበረበት፣ አልነበረበትም» እየተባባሉ እስከ ሰፈራቸው በእግር ይሄዱ እንደነበር ስንቴ አውርተውናል! ልዩነቱ ያኔ የሚሰማቸው አስፋልቱ ብቻ መሆኑ ነው። ካፌ ውስጥ ቢሆን ደግሞ የጓደኛችሁ ፊት ሲለዋወጥ ታያላችሁ፤ «ቀልዴን እኮ ነው» ብላችሁ ትከሻውን መታ ታደርጉታላችሁ፤ በቃ አለቀ። ማይክራፎን መሃላችሁ ሲገባ ግን ሦስተኛ ሰው ገባ ማለት ነው። ያ ሰው ፊት የለውም፣ አይታያችሁም፤ ግን እንዲስቅላችሁ ትፈልጋላችሁ። እሱን ለማሳቅ ስትሉ ጎናችሁ የተቀመጠውን ትረሱታላችሁ። የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም ይባል የለ? የተቀዳ የአፍ ወለምታ ደግሞ ቅቤው ሳይደርቅ አንድ ሺህ ጊዜ ይደገማል።

እስቲ አንድ እውነተኛ ታሪክ ልንገራችሁ። አሜሪካ፣ ቺካጎ ከተማ ውስጥ ጂን ሲስክል እና ሮጀር ኢበርት የሚባሉ ሁለት የፊልም ሐያሲዎች ነበሩ። ሲስክል የቺካጎ ትሪቢዩን፣ ኢበርት የቺካጎ ሰን ታይምስ ጸሐፊ ነበሩ፤ ጋዜጦቹ ተፎካካሪ ስለነበሩ ሁለቱም በጎሪጥ ነበር የሚተያዩት። እ.ኤ.አ. በ1970 ኢበርት «ቢዮንድ ዘ ቫሊ ኦቭ ዘ ዶልስ» ለተባለ ፊልም ስክሪፕት ጻፈ። ሲስክል ፊልሙን አይቶ ስንት ኮከብ ሰጠው መሰላችሁ? ዜሮ!

አምስት ዓመት ቆይቶ፣ በ1975 እነዚሁ ሁለት ሰዎች በቴሌቪዥን ፊት ለፊት ተቀምጠው በአዲስ ፊልሞች ላይ መከራከር ጀመሩ። ፕሮግራሙ ስሙ እየተቀያየረ ሲስክል በ1999 በሕመም እስኪሞት ድረስ አብረው ሠሩ። የማን ስም ይቅደም በሚለው እንኳ መስማማት አቅቷቸው ሳንቲም ወርውረው ነው ሲስክል ያሸነፈው! በ1987 ኢበርት «ፉል ሜታል ጃኬት» የተባለውን የስታንሊ ኩብሪክን የጦርነት ፊልም አውራ ጣቱን ወደ ታች አድርጎ ጣለው፤ በዚያው ፕሮግራም ላይ ግን «ቤንጂ ዘ ሀንትድ» የተባለውን የውሻ ፊልም ወደ ላይ አነሳው። ሲስክል ዝም አላለም፤ ያንን ጥለህ እንዴት ይሄን ታነሳለህ ብሎ እዚያው ካሜራ ፊት ሞገተው። ከዚያ በኋላም ከአሥር ዓመት በላይ አብረው ቀጠሉ።

እንግዲህ ልብ በሉ። ዜሮ ኮከብ ቀላል ነገር አይደለም። ግን ዜሮውን ያገኘው ፊልሙ ነው። ጭቅጭቃቸውም የሚቋጨው በፊልሙ ላይ ነበር። ሰው የሚጠላው ሥራው ሲተች አይደለም፤ ሥራው ሰበብ ሆኖ እሱ ሲሳቅበት ነው።

ወደ አንቺ ልመለስ። ያ ተናጋሪው ጓደኛሽ «እውነቱን ነው የተናገርኩት» ካለሽ አንድ ጥያቄ ጠይቂልኝ፤ የቱ ላይ ነው እውነቱ? ካሜራ በእግር አይያዝም። «ማታ የተቀረጸው ቦታ ስለጨለመ የተዋናይዋን ፊት ማየት አልቻልኩም፤ ስታለቅስ እንኳ በድምፅ ነው ያወቅኩት» ቢል ኖሮ ይሄ አስተያየት ነው። ካሜራማኑ ይማርበታል፣ አድማጩም አይቶ ያመዛዝናል። ደግሞስ ፍርዱ ያረፈው ማን ላይ ነው? የረዳት ካሜራማን ሥራ ሌንስ መቀየር፣ ፎከስ መጠበቅ፣ ዕቃ ማዘጋጀትና መሸከም ነው። የመብራቱንና የአቀራረጹን ነገር የሚወስኑት ዋናው ካሜራማንና ዳይሬክተሩ ናቸው። ብዙዎቻችን እንዲህ ነን፤ ንግግሩ ሲቀሽምብን ስክሪፕቱን የጻፈውን ትተን ተዋናይዋን እንሰድባለን። ማን ምን እንደሚሠራ ሳያውቁ መፍረድ ሐሜት እንጂ ሂስ አይባልም።

«ታዲያ የጓደኛ ሥራ አይተች?» የምትሉኝ ትኖራላችሁ። የለም፤ ይተች! የእኛ አገር ፊልም የተያዘው በሁለት በሽታ ነው። አንደኛው የምርቃት ቀን በሽታ ነው፤ ፊልሙ ተመርቆ ሁሉም ከአዳራሽ ሲወጣ «በርቱ፣ ቆንጆ ነው» ይላል፤ ታክሲ ውስጥ ገብቶ ነው ሆዱን የሚተነፍሰው። ሁለተኛው የፉገራ በሽታ ነው፤ የአማርኛ ፊልም ሁሉ መሳቂያ ነው ብሎ ሳያዩ ሙድ መያዝ። በሁለቱ መሃል ያለው ቦታ ባዶ ነው። የኃይሌ ገሪማ «ጤዛ» እ.ኤ.አ. በ2008 ቬኒስ ላይ የዳኞችን ልዩ ሽልማት፣ በ2009 ደግሞ ዋጋዱጉ ላይ የፌስፓኮን ዋና ሽልማት አግኝቷል። ሥራችን በባዕድ ዳኛ ፊት ቀርቦ ከተመዘነ በገዛ ልጆቹ ፊት መመዘን ለምን ያስፈራዋል? ያን ባዶ ቦታ ሊሞሉ የሚችሉት እንደ እናንተ ያሉ፣ ፊልም ከልባቸው የሚወዱ ልጆች ናቸው። ለዚህ ነው ፖድካስታችሁን ዝጉት የማልልሽ።

ክሊፑን ግን አጥፊው፤ ዛሬውኑ። ለምን ብትይኝ፣ አርባ ሰከንዱ ውስጥ ፊልም የለበትም፤ ያለው ሳቅ ብቻ ነው። ሙሉው ክርክር ይቀመጥ ወይስ ይነሳ የሚለውን ደግሞ ለጓደኛችሁ ተዪለት። የልብስ ቤቱ ማስታወቂያ እንዳያጓጓሽ። ያ ነጋዴ የፈለገው ሳቁ ያመጣውን ሕዝብ ነው፤ ሕዝቡ ደግሞ በሚቀጥለው ሳምንትም የሚሳቅበት ሰው ይፈልጋል። ያኔ ማንን ልትቆርጡ ነው?

ካጠፋሽ በኋላ በቴክስት አትጨርሺው፤ ሽማግሌም አትላኪ፣ ገና ነው። ራስሽ ቤቱ ሂጂ። «እሱ ነው የተናገረው» ብለሽ አትጀምሪ፤ ቆርጠሽ የለቀቅሽው አንቺ ነሽ፣ እሱን በይው። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳምና ወዲያው ካልሳቀልሽ አትቀየሚው። «ፊልሙን ወደድነው» ብለሽም አትዋሺው፤ ውሸትሽን ወዲያው ያውቅብሻል፣ በዕድሜያችሁ ግማሽ ነው የሚያውቅሽ። እሺ ካለ ግን አንድ ቀን ማይክራፎኑን ለእሱ ስጡትና ቀረጻ ላይ ያየውን ይንገራችሁ፤ ሌሊት ስንት ሰዓት እንደቆሙ፣ መብራት ሲጠፋ ምን እንዳደረጉ። እመኚኝ፣ ከአርባው ሰከንድ የተሻለ ፕሮግራም ይወጣዋል።

ለጓደኛችሁም አንድ ቃል አለኝ። ወንድሜ፣ የሠራህበት ፊልም ሲተች ማይክራፎን ፊት ዝም ብለህ መቀመጥህ ልክ አልነበረም። ወይ የዚያን ሳምንት መቅረት፣ ወይ ደግሞ «እኔ ሠርቼበታለሁ» ብሎ ለአድማጭ መናገር ነበረብህ። አድማጭም ይሄን የማወቅ መብት አለው።

ውድ አንባብያን፣ በየሰፈሩ እንዲህ እየተሰበሰባችሁ ፊልም የምትተቹ እንዳላችሁ እናውቃለንና እነዚህን ለእናንተም ይዘናል።

1. ፊልሙን እስከ መጨረሻው እዩት። ከቴሌግራም በወረደ፣ የሰው ጭንቅላት በሚታይበት ኮፒ አይታችሁ «ቀረጻው ቀሽም ነው» አትበሉ።

2. የሠራው ሰው ዘመድ ወይም ጓደኛ ከሆነ ገና ስትጀምሩ ተናገሩ።

3. «ይደብራል» ብላችሁ አትለፉ፤ የቱ ጋ፣ ለምን እንደሆነ ትዕይንቱን ጠቅሱ።

4. ለመርታት አትከራከሩ። እ.ኤ.አ. ሐምሌ 2023 «ባርቢ» እና «ኦፐንሃይመር» በአንድ ቀን ሲወጡ ስንቱ ጓደኛሞች ለሁለት ተከፈሉ! «ኦፐንሃይመር» ሰባት ኦስካር ወሰደ፤ «ባርቢ»ን የወደደ ሰው ግን ኦስካሩን አይቶ መውደዱን አልተወም።

5. ቆርጣችሁ ከመልቀቃችሁ በፊት ክሊፑን መጀመሪያ ማየት ያለበት እዚያ ውስጥ ስሙ ወይም ሥራው የተነሳው ሰው ነው። ይሄ አምስት ደቂቃ ቢፈጅ ነው።

6. ቀረጻው ሲያልቅ ማይክራፎኑን አጥፉና ስለ ሌላ ነገር እያወራችሁ ቡና ጠጡ። ጓደኝነታችሁ ከፖድካስቱ በፊት ነበር፤ ከፖድካስቱም በኋላ መኖር አለበት።

እህቴ፣ ነገሩ እንዴት እንዳለቀ ጻፊልን። እናንተስ ውድ አንባብያን፣ የጓደኛችሁን ሥራ በአደባባይ ተችታችሁ ታውቃላችሁ? ወይስ ዝም ማለት ይሻላል ትላላችሁ? ሐሳባችሁን ላኩልን፤ በሚቀጥለው እትም እናወጣዋለን። እስከ ሳምንት ቸር ሰንብቱ!