ስለ ሽምግልና ጥሪት

በሰንጋ ተራ ካለው መሥሪያ ቤታችን መስኮት ቆመን ወደ ውጭ ስንመለከት፣ ስሙ እንደሚነግረን የሰንጋ ገበያ በነበረው ስፍራ ላይ ዛሬ የባንክ ሕንፃዎች ተሠልፈው ይታያሉ። የንብ፣ የኅብረትና የዘመን ባንኮች ዋና መሥሪያ ቤቶች በዚሁ ሠፈርና በአቅራቢያው ናቸው፤ ከሁሉም በላይ ከፍ ብሎ በ2014 ዓ.ም. የተመረቀው፣ ቁመቱ 209 ሜትር የሆነው የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ሕንፃ ይታያል። ይህ ሁሉ የገንዘብ ቤት በዓይናችን ፊት ሲሠራ፣ እኛ 26 ዓመት መዝገብ ስንጽፍ ኖረን ለሽምግልናችን ያኖርነው ጥሪት ስንት እንደ ሆነ ባለፈው ሰሞን ባለቤታችን በጠየቀችን ጊዜ፣ መልሱን እስከ ማግሥቱ እንድትታገሠን ለመንናት።

የጠየቀችንም ያለ ምክንያት አልነበረም። በዚያው ሳምንት፣ ሁላችን ጋሼ እያልን የምናከብራቸው የመዝገብ ቤት ባልደረባችን 34 ዓመት አገልግለው ተሰናብተው ነበርና፣ የስንብቱን ግብዣ በልተን ስንመለስ የጡረታቸውን ልክ ነገርናት። ክቡራን አንባብያን ብዙዎቹ የሚያውቁት ቢሆንም ስሌቱን በአጭሩ እናስታውስ። በ2003 ዓ.ም. የወጣው የመንግሥት ሠራተኞች ጡረታ ዐዋጅ ቁጥር 714 ባቆመው ሥርዓት፣ 10 ዓመት ላገለገለ ሲቪል ሠራተኛ ከመጨረሻዎቹ 3 ዓመታት አማካይ ደመወዙ 30 ከመቶ ይታሰብለታል፤ ከዚያ በላይ ላገለገለበት ለያንዳንዱ ዓመት 1.25 ከመቶ ይጨመርለታል፤ ጠቅላላው ግን ከ70 ከመቶ አያልፍም። እንግዲህ 70 ከመቶ ለማግኘት 42 ዓመት ማገልገል ያስፈልጋል፤ ይኸውም በ18 ዓመቱ ተቀጥሮ 60 ዓመት እስኪሞላው ድረስ ሳያቋርጥ የሠራ ሰው ማለት ነው። የጋሼ አገልግሎት 60 ከመቶ አስገኘላቸው። አማካይ ደመወዛቸው 7,000 ብር ስለ ነበረ፣ በየወሩ 4,200 ብር ሆነ። ባለቤታችን ይህን ሰምታ ጥቂት ዝም አለችና፣ «እርሳቸው ቢሞቱስ ለእትዬ ስንት ይደርሳቸዋል?» አለች። ግማሹ፣ 2,100 ብር ነው አልናት። ከዚህ በኋላ ነው ስለ እኛ የጠየቀችን።

በማግሥቱ የምንሰጠውን መልስ ስንፈልግ አሳባችን ወደ አባታችን ሄደ። በቀደመው ዘመን መንግሥትን ያገለገለ ሰው የሽምግልና ስንቁ ማደሪያው ወይም ጉልቱ ነበር፤ ገንዘብ የሚከፈልበት የመንግሥት ሠራተኞች ጡረታ በዐዋጅ ቁጥር 209 የተደነገገው በ1955 ዓ.ም. ነው። አባታችንም በዚያን ጊዜ የአንድ ሚኒስቴር ጸሐፊ ነበሩና፣ ጡረታው ብቻውን እንደማይበቃ ገምተው፣ እንደ ጊዜው ሹማምንትና ጸሐፊዎች ሁሉ ከደመወዛቸው እየቆጠቡ ከመኖሪያቸው ሌላ አንድ የኪራይ ቤት ሠሩ። ቤቱ የጭቃ ግድግዳ ሆኖ ባለ 3 ክፍል ነበር፤ ስንት ቆርቆሮ እንደ ገባበትም እስኪሞቱ ድረስ ሳይሳሳቱ ይናገሩ ነበር። በወር 60 ብር ይከራይ ነበርና፣ አባታችን ይህን 60 ብር «ምርኩዜ» ይሉት ነበር።

ሐምሌ 19 ቀን 1967 ዓ.ም. የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን የመንግሥት ያደረገው ዐዋጅ ቁጥር 47 ወጣ። ለአንድ ቤተ ሰብ አንድ መኖሪያ ቤት ሲቀርለት፣ ትርፉ ተወሰደ። ኪራዩ ከ100 ብር በታች የነበረው ቤት ሁሉ በቀበሌ እጅ ስለ ገባ፣ የአባታችንም ምርኩዝ የቀበሌ ቤት ሆነ። እኛ ይህን ያየን አይደለንም፤ ኋላ ነው የተወለድን። ነገር ግን ልጅ ሳለን አባታችን እጃችንን ይዘው ወደ ቄስ ትምህርት ቤት ሲያደርሱን፣ ከዚያ ቤት አጠገብ ስንደርስ መንገዱን ተሻግረው በወዲያኛው ጥግ እንደሚሄዱ እናስታውሳለን። ምክንያቱን አልጠየቅናቸውም፤ እርሳቸውም አልነገሩንም። ሠፈሩ በመልሶ ማልማት ሲፈርስ ያ ቤት አብሮ ፈረሰ፤ በቀበሌ ኪራይ ለኖሩባት እንጀራ ጋጋሪም ምትክ ቤት ተሰጣቸው። አባታችን ይህን ቢያዩ ምን ይሉ እንደ ነበረ አናውቅም፤ እኛ ግን በሴትዮዋ አልተቀየምንም፤ 30 ዓመት ሙሉ ጣራውን ሲያስጠግኑ የኖሩ እርሳቸው ናቸውና።

የአባታችን ጉዳት በእኛ ላይ የተወው ፍርሃት ግን እውነተኛ ነበር። በ1992 ዓ.ም. በተቀጠርን ጊዜ፣ «ቤት የሚታይ ነገር ነው፤ የሚታይ ነገር ይወሰዳል፤ የባንክ ደብተር ግን በኪስ ይገባል» ብለን ቆረጥን። የወለድን ሒሳብ በሚሲዮን ትምህርት ቤት በሚገባ ተምረን ስለ ነበረ፣ በየዓመቱ መጨረሻ ወለዱን እስከ ሳንቲሙ ድረስ ራሳችን አስልተን ከባንኩ ጋራ እናስተያይ ነበር፤ አንድ ጊዜም አልተሳሳትንም። የተሳሳትነው በሌላ በኩል ነው። ዝቅተኛው የቁጠባ ወለድ ለብዙ ዓመት 5 ከመቶ ሆኖ ቆየ፤ በ2010 ዓ.ም. ወደ 7 ከመቶ ከፍ አለ። በ2014 ዓ.ም. ግን የዕቃ ዋጋ በአንድ ዓመት ከ30 ከመቶ በላይ ተወደደ። እንግዲህ 100,000 ብር ያኖረ ሰው 7,000 ብር ያህል ወለድ ሲቀበል፣ በዓመቱ መጀመሪያ በ100,000 ብር ይገዛ የነበረው ዕቃ በመጨረሻው ከ130,000 ብር በላይ ይጠይቀው ነበር ማለት ነው። በሐምሌ ወር 2016 ዓ.ም. የውጭ ገንዘብ ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን በተደረገ ጊዜም፣ 57 ብር ገደማ የነበረው አንድ ዶላር በጥቂት ሳምንት ከ100 ብር አለፈ። ከአባታችን ላይ ቤታቸውን በዐዋጅ ወሰዱባቸው፤ የእኛን ገንዘብ ግን ማንም አልነካውም፤ ቁጥሩም አልጎደለም፤ የሚገዛው ነገር ብቻ አነሰ።

ባለቤታችን ይህን አስቀድማ አይታው ነበር። በነሐሴ 2005 ዓ.ም. የ40/60 ቤቶች ምዝገባ በተከፈተ ጊዜ፣ ባለ ሁለት መኝታው ቤት 250,000 ብር ገደማ ይገመት ስለ ነበረ፣ «40ውን እጅ በ5 ዓመት ቆጥበን እንመዝገብ» አለችን። እኛም የአባታችንን ነገር አንሥተን፣ ከመንግሥት ቤት መጠበቅ ምን ይጠቅማል ብለን ከለከልናት። ክርክሩ ሁለት ምሽት ፈጀ፤ በሦስተኛው ዝም አለች፤ እኛም ያሸነፍን መሰለን። በ2009 ዓ.ም. ከ40/60 ቤቶች ሁሉ መጀመሪያ ዕጣ ወጥቶላቸው ለባለቤቶቻቸው ከተላለፉት መካከል የሰንጋ ተራዎቹ ነበሩ። ከመስኮታችን ፊት ለፊት ሰዎች ፍራሽና ምጣድ ይዘው ሲገቡ አየን። እውነቱን ለመናገር፣ ብንመዘገብም ዕጣው ለእኛ ይወጣ ነበር ማለት አይቻልም፤ ከተመዘገቡት ብዙዎቹ ብዙ ዘመን ጠብቀዋልና። የሚጸጽተን ቤቱን ማጣታችን ሳይሆን፣ ከባለቤታችን አሳብ ይልቅ የአባታችንን ፍርሃት መስማታችን ነው።

ጋሼ ደግሞ በሌላ መንገድ ሄደው ነበር። በጥር 1986 ዓ.ም. የወጣው ዐዋጅ ቁጥር 84 ኢትዮጵያውያን የግል ባንክ እንዲያቋቁሙ ከፈቀደ በኋላ፣ አዋሽ ባንክ በ486 መሥራቾችና በ24.2 ሚሊዮን ብር በ1987 ዓ.ም. ሥራ ጀመረ፤ ሌሎችም ተከተሉት። ጋሼም ከጊዜ በኋላ ከአንዱ የግል ባንክ ጥቂት አክሲዮን ገዙ፤ ትርፉንም በየዓመቱ አላወጡትም፤ ተጨማሪ አክሲዮን ይገዙበት ነበር እንጂ። እኛ በዚያን ጊዜ «ወረቀት ገዙ» ብለን ስቀንባቸዋል። ዛሬ ከ4,200 ብሩ ጡረታ በላይ የሚያኖራቸው ያ ወረቀት ነው። ነገር ግን እርሱም ያለ እንከን አይደለም፤ እትዬ በታመሙበት ዓመት ከአክሲዮናቸው ጥቂቱን ለመሸጥ ፈልገው ገዢ እስኪገኝ ወራት ፈጅቶባቸው፣ የመድኃኒቱን ዋጋ ከዕድርና ከወዳጅ ተበድረው ከፈሉ። የኢትዮጵያ ሰነደ መዋዕለ ንዋይ ገበያ ሥራውን የጀመረው ገና በጥር 2017 ዓ.ም. ነው። በዚያው ዓመት ኢትዮ ቴሌኮም አክሲዮኑን እያንዳንዱን በ300 ብር ለሕዝብ ሲሸጥ፣ ከ33 አክሲዮን በታች መግዛት አይቻልም ነበርና፣ እኛም ከደብተራችን 9,900 ብር አውጥተን ዝቅተኛውን ገዛን። ይህም ለ26 ዓመት ሠራተኛ ብዙ አይደለም።

መልሳችንን እንዲህ አድርገን ጽፈን ለባለቤታችን ሰጠናት፦ 60 ዓመት ሲሞላን 38 ዓመት ያገለገልን ስለምንሆን፣ በዚያው ስሌት 65 ከመቶ፤ ደብተሩ፤ 33 አክሲዮን። አንብባ ስትጨርስ፣ «የእኔና የልጆቹ ስም በመዝገብህ ውስጥ ተጽፏል?» ብላ ጠየቀች።

ይህ ጥያቄ ከገንዘቡ ይልቅ አሳፈረን። የፍርድ ቤት ጸሐፊ እንደ መሆናችን፣ ባላቸው የሞተባቸው ሴቶች የጋብቻ ማስረጃ ስለ ሌላቸው፣ ወይም በባላቸው የግል ማኅደር ስማቸው ስላልተመዘገበ፣ የሚስትነት ውሳኔ ለማግኘት ምስክር ይዘው ሲመላለሱ በየሳምንቱ እናያለን። አንዳንዲቱ ከገጠር ምስክር ስታስመጣ የምታወጣው ገንዘብ ከሚደርሳት ጡረታ የብዙ ወሩን ይበላል። ማመልከቻቸውን ተቀብለን ቁጥር የምንሰጥ እኛ ነን።

በማግሥቱ ጧት ወደ ሠራተኛ አስተዳደር ክፍል ወርደን ማኅደራችንን አስወጣን። የባለቤታችን ስም በ1992 ዓ.ም. ገና እጮኛችን ሳለች አልተጻፈም ነበር፤ ከዚያ ወዲህም አልተጨመረም። ከልጆቻችን የመጀመሪያው ብቻ ተመዝግቧል። የጋብቻውን ምስክር ወረቀትና የልጆቹን የልደት ማስረጃ ሐሙስ ዕለት አቅርበን፣ ሹሙ ፊርማና ማኅተም አድርጎበት ከማኅደሩ ጋራ አያያዘልን፤ ግልባጩንም ለባለቤታችን ወስደን ሰጠናት። እርስዋም ከዕቁብዋ ደብተር ጋራ በሣጥን ቆለፈችበት።