መንገዱ የሕዝብ ነው፤ ሒሳቡም ለሕዝብ ይቅረብ!



ስንዴ የጫነ ተሳቢ የሚያልፍበት ድልድይ መድፍም ያሳልፋል። ይህ አዲስ ነገር አይደለም። ፋሽስት ኢጣሊያ በወረራው ዘመን መንገድ የዘረጋው ለገበሬው ገበያ አስቦ ሳይሆን ጦሩን ለማንቀሳቀስ ነበር። በ1969 ዓ.ም. በሶማሊያ ወረራ ዋዜማ የምድር ባቡሩ ድልድዮች ሲፈነዱ የተቋረጠው የጦር ስንቅ ብቻ አልነበረም፤ የድሬዳዋ ነጋዴና ሠራተኛ እንጀራም ነበር። በ1990 ዓ.ም. ከኤርትራ ጋር ጦርነቱ ሲጀመር የአሰብ በር ተዘጋ፤ ጭነታችንም ወደ ጅቡቲ ዞረ። በ2013 ዓ.ም. የተከዜ ድልድይ ሲፈርስ ደግሞ ለተራበ ወገን የሚሄደው እርዳታ መንገድ አጣ።

አገር መጠበቅ አለባት፤ ሠራዊትም ያለ መንገድ አይንቀሳቀስም። በዚህ ላይ ክርክር የለንም። ጥያቄያችን ሌላ ነው፤ ለዘመቻ የተፈለገ የግለሰብ መኪና ሲወድም፣ በከባድ ጭነት ድልድይ ሲሰነጠቅ፣ መኪና ከመስመር ወጥቶ የጤፍና የዘይት ዋጋ ሲንር ዕዳው የማን ነው?

ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 40 መንግሥት ለሕዝብ ጥቅም የግል ንብረት ሲወስድ ተመጣጣኝ ካሳ በቅድሚያ እንዲከፍል ያዛል። «ጊዜው አስቸኳይ ነው» ይሉን ይሆናል። አስቸኳይ ጊዜም ሕግ አለው። አንቀጽ 93 ምክር ቤቱ በሥራ ላይ ከሆነ አዋጁ በ48 ሰዓት ውስጥ እንዲቀርብለት ይደነግጋል። አዋጅ በሁለት ቀን ለምክር ቤት መቅረብ ከቻለ፣ ለመኪናው ባለቤት ደረሰኝ መስጠት እንዴት ያቅታል?

ስለዚህ ፓርቲያችን ሲመረጥ፦

1. ለአገር መከላከያ የተፈለገ ተሽከርካሪ በዕለቱ በደረሰኝ እንዲመዘገብ፣ ኪራይና የጉዳት ካሳ እንዲከፈልበት፣ ሹፌሩና ረዳቱም የሕይወት ዋስትና እንዲኖራቸው በሕግ ይደነግጋል።

2. የዋና ዋና ድልድዮችን የመሸከም አቅም ያስመረምራል። ወታደራዊ ጭነት ያደረሰው ጉዳት ከመከላከያ በጀት ይጠገናል እንጂ ሕዝቡ በነዳጅ ላይ ከሚከፍለው የመንገድ ጥገና ገንዘብ አይወሰድም።

3. አገሪቱ በአንድ በር ብቻ እንዳትንጠለጠል በርበራንና ላሙን የመሳሰሉ ወደቦችን በሰላማዊ ስምምነትና በንግድ ውል ለመጠቀም ይሠራል።

ድልድይ ሲፈርስ ማዶና ማዶ የሚቀረው ሕዝብ ነው። በመንገዱ ላይ የሚወስኑትን መምረጥም የእርስዎ መብት ነው። የመራጭ ካርድዎን ይዘው ይውጡ፤ ሒሳብ ለሚያቀርብ መንግሥት ድምፅዎን ይስጡ!